በእትዬ ሰኪና በተራ የጸደቅንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቴ ጋር ከፀዳ ወደ ጎንደር ፒያሳ ወጥተን መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስንዞር ቆየን። ተሳክቶልን ስንገባ አንድ በክራንች የሚሄድ ሰው ከመኪናው ወርዶ ደረሰኙን ተቀበለና ሳይከፍል ሄደ። ጎረቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ኪሱ ላይ ሲመጡበት ግን አይወድም። «ምነው፣ መኪና መግዛት የቻለ ማቆሚያ መክፈል ያቅተዋል?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ይህንኑ ቃል ከሃያ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ተናግሬዋለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈት ነበርኩ። አምስት የሰፈር ልጆች ተደራጀንና አራዳ ገበያ አጠገብ ያለውን መንገድ ለመኪና ማቆሚያ ተረከብን። ሰደርያ ለብሰን፣ የደረሰኝ ጥራዝ ይዘን በየሰዓቱ ሒሳብ እንቀበላለን። የጎንደር ክረምት ደግሞ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዶፍ ነው። የተጠበሰ በቆሎ ካልያዙ እጅ አይሞቅም።

እትዬ ሰኪና ከገበያው በር ላይ ከእናታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ቀኝ እግራቸውን በልጅነታቸው ፖሊዮ ወስዶባቸዋል። የሚነዷት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረች፤ በግራ እግራቸው ፍሪሲዮኑን ይረግጣሉ፣ ነዳጁንና ፍሬኑን ደግሞ አንድ የአዘዞ መካኒክ በበየደላቸው ብረት በእጃቸው ያዝዛሉ። በባጃጅ፣ በበግና በተሸካሚ መካከል ሲያዞሯት የከባድ መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ ቆመው ያዩ ነበር።

ሌላው ሰው ገበያውን ጨርሶ በሰዓቱ ይሄዳል። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ስለሚያቆሙ ከሁሉ የበለጠ ከፋይ ሆኑ። ቀንሱልኝ ቢሉን ያንን «መኪና የገዛ» የሚለውን የመለስኩላቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ታች ሜዳው ላይ እያቆሙ ድንጋያማውን ዳገት በክራንች መውጣት ጀመሩ። ሐምሌ ላይ ጭቃው ጣላቸው። ሱቁ ሁለት ሳምንት ተዘጋ፤ ወንድማቸውም «አርፈሽ ቤት ተቀመጪ፣ ሱቁን እኔ ልያዘው» ማለት ጀመረ። ሱቁን ከተቀሙ ምን እንደሚቀራቸው ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ሲመለሱ አንጀቴ አልቻለም፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አካል ጉዳተኛ አይከፍልም ተብሏል» አልኳቸው። ውሸቴን ነው።

«ሕግ ሆኖ ወጣ?»

«አዎ።»

«አልሐምዱሊላህ! ሸጋ ሕግ ነው» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

የደረሰኙ ሒሳብ እንዳይጎድል የእሳቸውን እኛው ከኪሳችን እንሸፍን ጀመር። ፍልሰታ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በጾም የእትዬ ሰኪናን የከፈለ ይጸድቃል ተባለና ተራ አወጣን። አንድ ጠዋት ጓደኛዬ ታደሰ ሰደርያዬን ጨምድዶ ያዘኝ። «ትናንትም የጸደቅኸው አንተ ነህ! ዛሬ የእኔ ተራ ነው!» ይላል። ዞር ስንል እትዬ ሰኪና ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው ቆመዋል።

«በእኔ በተራ ልትጸድቁብኝ ነው?» አሉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ለክፋት አይደለም።»

«ለክፋት እንዳልሆነማ አውቃለሁ። ግን ሕግ ነው ስትለኝ ለወንድሜ ሕግ ወጣልኝ ብዬ ነገርኩት። ለካ ምጽዋት ነው። ነገ ሌላ ልጅ ቢተካህስ፣ በየጠዋቱ ፊቱን እያየሁ ልለምን ነው?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እሳቸው ግን የመኪናቸውን በር ከፈቱና «ና ግባ። ውሸትህን እውነት እናድርገው» አሉኝ።

ጉዳዩን የሚያዩት የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለም። ዘበኛው «አዝዬ ላውጣዎት» አላቸው። «አላህ ያክብርህ ወንድሜ። ጉዳይ ይዤ መጣሁ እንጂ ዕቃ ሆኜ አልመጣሁም» ብለው ደረጃው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። አንዴ ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ ሥራ በዝቷል፣ በመጨረሻም ነገ ይምጡ ተባልኩ። እንሂድ ብላቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ደረጃው አንድ ነው። እዚያ አያድሩ፣ መውረዳቸው አይቀርም።»

ከቦርሳቸው ጥቁር አዝሙድ የገባበት ዳቦ አወጡና አይተውኝ መልሰው ሸፈኑት። «ጾም ላይ አይደለህ? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አብረን እንበላለን።» ሙስሊሟ ሴት የእኔን ፍልሰታ ከእኔ ጋር ተርበው ጠበቁልኝ። ያን ጊዜ ነው የወደድኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ያን ዳቦ በላን። ከዚያ በኋላ እንደ እሱ የጣመኝ ዳቦ አላስታውስም።

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ኃላፊው ከሠራተኛው ጋር ወረዱ። እትዬ ሰኪና በክራንቻቸው ተነሥተው ነገሩን አስረዷቸው።

«ለእርስዎማ ምን ችግር አለው፤ ልጆቹ ዝም ብለው ያሳልፉዎት» አሉ ኃላፊው።

«ልጆቹማ አሳልፈውኝ ነበር። እኔ የምፈልገው ወረቀት ነው፣ ለሁሉም የሚሆን።»

«በዚህ ከተማ እንዲህ ሆኖ የሚነዳ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

«ከቤቱ መውጣት ያቃተው ስንት እንደሆነ በምን አወቁ? እኔንም ወንድሜ ቤት ሊያስቀምጠኝ ነው።»

ሰውዬው ቀና ብለው ደረጃውን አዩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ማስታወሻቸውን አወጡ።

ደብዳቤው እስከ ጥቅምት ቆየ። እስከዚያ እትዬ ሰኪና ዳገቱን በየቀኑ ወጡት፤ እኔ ጃንጥላ እንድይዝ ብቻ ተፈቀደልኝ። በመጨረሻ አካል ጉዳተኛ የሚነዳው ወይም የሚሳፈርበት መኪና እንደማይከፍል፣ ደረሰኙም «ነፃ» ተብሎ እንዲቆረጥ ተጽፎ መጣ። ወንድማቸው ወረቀቱን አንብቦ ስለ ሱቁ ዳግመኛ አላነሣም።

በዚያው ሰሞን አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት በልጃቸው መኪና ከአዲ አርቃይ መጡ። ደረሰኙን ስሰጣቸው «ስንት ነው?» አሉ።

«ነፃ ነው፣ አያ። ደንብ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ሸጋ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አንዲት የምስጋና ቃል የለችም! ቅር ብሎኝ ለእትዬ ሰኪና ብነግራቸው ጨርቅ መለካቱን ትተው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ተሳካልን በለኛ!» አሉ።

እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ነፃ ደረሰኝ ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር ይህን ያመጡልህ እትዬ ሰኪና ናቸው ልለው አፌ ድረስ ይመጣል። ግን ብነግረው ማመስገን ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ዝም እላለሁ።