የፍቺ ማመልከቻዬ ላይ የተጨመረው

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሰው በአንዲት ቃል ከቤቱ ተወስዶ በማይመለስበት ዘመን ነው። ልጆቼ ዛሬ ወልደው ከብደዋል። እኔ ግን እስከ አሁን ማንኛውም ወረቀት ላይ ከመፈረሜ በፊት ደጋግሜ አነባለሁ።

ያኔ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ከሁለት ልጆቼ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ እኖር ነበር። ባለቤቴ ሲጠጣ ይመታኝ ነበር። በኋላም ጥሎን ሄዶ ንፋስ ስልክ ቤት ተከራየ። ልጆቹን ወስዶ ለእናቱ ሊሰጥ መሆኑን ስሰማ ቀድሜ ፍቺ ልጠይቅ ብዬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ወደሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። የነገርኩትን በታይፕ ጻፈና ቶሎ ቶሎ አነበበልኝ። የሕግ አማርኛው ብዙም አልገባኝም። ፈርሜ መዝገብ ቤት አስገባሁ።

በማግስቱ የልጆቹ ነገር በደንብ መግባቱን ላረጋግጥ ብዬ የቀረኝን ቅጂ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መጨረሻው ላይ፣ “ተጠሪው በየመጠጥ ቤቱ አብዮቱን የሚሳደብ ፀረ ሕዝብ ስለሆነ ልጅ ሊያሳድግ አይገባውም” ይላል። እኔ እንዲህ አላልኩም።

የባለቤቴ ስም፣ የሚሠራበት፣ አዲሱ ቤቱ እዚያው ተጽፏል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ቢመታኝም የልጆቼ አባት ነው። አድገው አባታችንን ማን አስበላው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የማማክረው ሰው እንኳ አልነበረኝም። ወረቀቱን ለሰው ማሳየት ራሱ እሱን ማስያዝ ነበር።

ወደ ጸሐፊው ሮጥኩ። ሥራውን እንኳ አላቆመም።

“እህቴ፣ ባሌ መታኝ ብቻ ብትዪ ማን ያይልሻል? ለአንቺው ብዬ ነው” አለኝ።

ያንን አውጥቶ እንደገና እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። እየተነጫነጨ ጻፈልኝ። መዝገብ ቤት ስደርስ ግን አቤቱታ የሚሻሻለው ዳኛው ሲፈቅዱ ነው፣ ቢሻሻልም የፊተኛው ከመዝገቡ አይወጣም አሉኝ። ነገሩ ገና ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይመራል፤ መዝገቡን ስንት ሰው ያየዋል። እያለቀስኩ ችሎት ገባሁ።

ከኋላ ወንበር ላይ ካኪ የለበሱ ካድሬዎች ሌላ ጉዳይ ይጠብቃሉ። ተራዬ ሲደርስ ሸበቶው ዳኛ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። አቤቱታዬን ማሻሻል አልኳቸው።

“የቱን ነው የምታሻሽዪው? ጮክ በዪ፣ ይሰማ” አሉ።

ብናገር በገዛ አፌ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ዝም ብል አቤቱታው እንዳለ ሊቀጥል ነው።

“ጌታዬ፣ እርስዎ ያንብቡት። እኔ ልለው አልችልም” አልኩ።

ከኋላ አንዱ፣ “ምን ብሎ ሰድቧት ይሆን?” አለና ተሳሳቁ።

ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ያሉትንም አዩ።

“ጽሕፈቱ አይነበብም” አሉ። “ከነቅጂዎቹ ይመለስላትና የሚነበብ አድርጋ ታምጣ።”

አጠገባቸው የተቀመጠው የችሎት ሠራተኛ አንገቱን አስግጎ አየ። ታይፑ ጥርት ያለ ነበር። “ይሄ እኮ…” ብሎ ሲጀምር፣ “አይነበብም አልኩህ። እንደዚያ ብለህ መዝግብ” አሉት።

ቤቴ ገብቼ ሁሉንም ከሰል ላይ አቃጠልኩ። አዲሱን አስገባሁ። በሽማግሌዎች ተፋታን፤ ልጆቹም ለእኔ ተወሰኑ።

አሁን ሳስበው ለዳኛው እፈራለሁ። ካኪ ለባሾቹ እስቲ ወረቀቱን እንየው ቢሉ እሳቸውን ምን ይውጣቸው ነበር? ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

የልጆቼ አባት አርጅቷል። በበዓል ልጆቻችን ቤት እንገናኛለን። ስለዚያች ወረቀት ምንም አያውቅም። ለልጅ ልጆቹ፣ “አያታችሁ እኮ ፍርድ ቤት ያቆመችኝ ጉድ ናት” እያለ ያማኛል። በልቤ ግን እንኳን ኖረህ አማኸኝ እለዋለሁ።