ቦታ የተቀያየርንበት ጊዜ

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና፣ ጋሽ ይርጋ በተከራዩት የልምምድ ክፍል ነው። መሰንቆዬን በነጠላ ጠቅልዬ ደረስኩ። ጋሽ ይርጋ የቡድኑ መሪና አንደኛ መሰንቆ ነበሩ። ስሜነህ ክራር ይመታል፤ አበጀ ደግሞ ድምፁ ወፍራም የሆነውን ባስ ክራር። አራተኛ ሰው ጎድሎባቸው ነበር።

«እስቲ ተጫወቺ» አሉኝ። ያለ የሌለ ችሎታዬን አወጣሁ።

ጋሽ ይርጋ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ጣትሽ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ የእኔን ዜማ ከሥር ደግፊው። እንዳትቀድሚኝ፤ እንዳትሸፍኚኝም» አሉ። ላብ በላብ ሆንኩ። ለብቻ መጫወት ለካ ቀላል ኖሯል።

የሁለተኛ መሰንቆ ሥራ ይኸው ነው፤ አንደኛው ዜማውን ሲመራ ክፍተቱን መሙላት። አራታችንም የምንቃኘው በጋሽ ይርጋ መሰንቆ ነው። ሞጣ ስንሄድ ብርዱና ጉሙ የመሰንቆውን ቆዳ ያረግበዋል። ስለዚህ ከሥራ በፊት ከሰል አጠገብ እናሞቀዋለን፤ በጣም ከተጠጋ ግን ይሰነጠቃል።

ዘፋኝ አልነበረንም። ሞጣ አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት በሩን በሩን እያዩ፣ «ዘፋኙ ኋላ ቀረ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ዘፋኝ የለንም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ግጥሙን ማን ሊለው ነው?»

ጋሽ ይርጋ ቀበል አድርገው፣ «ሞጣ ላይ ግጥም የሚችል ሰው ጠፋ?» አሉ።

ሰውየው ሳቁ። ዳሱ ሲሞቅ የመጀመሪያውን ግጥም የወረወሩት እሳቸው ናቸው። የሙሽራው አጎት መለሱላቸው፤ ሚዜው ተከተለ። እኛ ከሥር ከሥር እያጀብን ዋልን።

አንድ ክረምት ልምምድ ላይ ሳለን፣ የጋሽ ይርጋ ግራ እጅ ከመሰንቆው እጀታ ላይ ሸርተት አለ። መልሰው አነሡት፤ ወደቀ። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ደም ግፊት ነው ተባለ። አንደበታቸውም ቀኝ እጃቸውም ደኅና ነበሩ። የግራ ጣቶቻቸው ግን የመሰንቆውን የጭራ ክር መጫን አልቻሉም። ያለ ግራ ጣት መሰንቆ የለም።

ሞጣ ላይ አዲስ ሆቴል ያሠሩት ወይዘሮ አንጓች ለምረቃቸው ቀጥረውን ነበር። ወሬው ደርሷቸው ደወሉልኝ። «እግዜር ይማራቸው። እኔ ግን የጠራሁት አራት ሰው ነው። ካልሆነላችሁ ካሁኑ ንገሩኝ፤ ኪቦርድ አስመጣለሁ።»

ስሜነህ፣ «ቡድኑን እናፍርሰው፤ ምን እንጠብቃለን?» አለ።

ጋሽ ይርጋ ሰበሰቡን። «ባስ ክራሩን በቀኝ እጄ እመታለሁ» አሉ። «ጥሩዬ ትመራለች» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። «አበጀ ወደ ሁለተኛ መሰንቆ ይሻገር።»

የአበጀ ፊት ጠቆረ። ስሙ የተጠራው በባስ ክራር ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ባንድም በዚያው መሣሪያ ሊቀጥረው ጠይቆት ነበር።

«መሰንቆ ከጨበጥኩ ስንት ዘመኔ! ለምን እኔ?»

«ሌላ ሰው ስለሌለኝ» አሉት።

ትቶን ወጣ። በማግስቱ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሯል ብዬ ደምድሜ ሳለሁ፣ መሰንቆ ይዞ መጣ። «የወንድሜ ነው። ደጋኑ ግን አይረባም፤ ሌላ ፈልጉልኝ» ብሎ ተቀመጠ። የባንዱን ነገር ዳግም አላነሣውም።

ለእኔ የከበደኝ ጋሽ ይርጋን ማረም ነው። ያስተማሩኝን ሰው እንዴት ተሳሳቱ ልበል? ልምምድ ላይ ሲዘገዩ እንዳልሰማሁ ሆኜ ቀጠልኩ። ጨዋታውን አቆሙት።

«ዘገየሁ አይደል?»

«ትንሽ ዘግየት አሉ፣ ጋሼ።»

«ትንሽ አይደለም። መሪ ነሽ፤ ተናገሪ። በይሉኝታሽ ሞጣ ላይ ልታዋርጂኝ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ተናገርኩ፤ እርስዎ እያልኩ፣ አንዱንም ሳላልፍ። የቀኝ ጣቶቻቸው ውኃ ቋጠሩ፤ ፈነዱ፤ ደነደኑ።

በምረቃው ቀን ወይዘሮ አንጓች የጋሽ ይርጋ ግራ እጅ ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ሲያዩ ቅር አላቸው። ግን አራት ነበርን። በጨዋታው መሃል ባሱ ጠፋ። ዞር ስል የጋሽ ይርጋ እጅ ዝሎ ቆሟል። ማንም ምልክት ሳይሰጠው አበጀ በመሰንቆው ወደ ታች ወርዶ የባሱን መንገድ ያዘ። ስሜነህ ምቱን አጠበቀ። እኔ ዜማውን አልለቀቅኩም። ጋሽ ይርጋ እጃቸውን አራግፈው ተመለሱ፤ አበጀም ወደ ቦታው ወጣ። እንግዳው እስክስታውን አላቋረጠም።

ስንጨርስ ወይዘሮ አንጓች መጥተው፣ «ያ መሃል ላይ ያደረጋችሁት ነገር ደስ ይላል። አጥንታችሁት ነው?» አሉ።

«ብዙ ለፍተንበታል» አለ አበጀ፣ ሳይስቅ።

ጋሽ ይርጋ ዛሬም ባስ ክራር ላይ ናቸው፤ እኔም እመራለሁ። አዲስ ለሚገባ ሰው የምነግረው ይህን ነው፤ የራስህን ድርሻ ብቻ አታጥና። አጠገብህ የተቀመጠውንም ሰው ድርሻ ልመድ፤ አንድ ቀን አንተ ትይዘዋለህ።