የአያ ደምሴ ግማሽ ድድ

ሐኪሙ ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ነገር አወጣ። በቀጭን ዘንግ ላይ የተደረደሩ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ናቸው፤ ከወተት ነጭ ይጀምሩና እየደበዘዙ፣ እየደበዘዙ ሄደው መጨረሻ ላይ የሻይ ቀለም ይሆናሉ። ከንፈሬን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ከጥርሴ ጋር አስተያያቸው። «እርስዎ እዚህ ጋ ነዎት» አለና ከመጨረሻው ሁለተኛዋን አሳየኝ። ከዚያ ጣቱ ወደ ነጩ ጫፍ ተሻገረ። «እስከዚህ ድረስ ልናመጣዎት እንችላለን። የሚያም ነገር የለውም። ቀብተን፣ ብርሃን አብርተንበት፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

እዚያ ወንበር ላይ የወጣሁት በሰላም ጉትጎታ ነው። ሰላም ባለፈው ክረምት የሞተው የታላቅ ወንድሜ የደምሴ የልጅ ልጅ ናት። ከፋሲካ በኋላ ታገባለች፤ በአያቷ ቦታ ቆሜ የምድራት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ፎቶው እኮ ዕድሜ ልክ ነው የሚቀመጠው» ብላ ቀጠሮውን ራሷ ያዘችልኝ። ሐኪሙ መልስ ሲጠብቅ እኔ አፌን እንደከፈትኩ፣ እንዴት ልበል፣ በሐሳቤ ከዚያ ክፍል ወጥቼ ሄድኩ። «የሚያም ነገር የለውም» የሚለው ቃል ነው የወሰደኝ። ይህንኑ ቃል እኔም አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እጄ ላይ በክር የታሰሩ መርፌዎች ነበሩ፤ ጭኔ ላይ ደግሞ የወንድሜ ራስ።

ያደግነው ቀየት በሚባል ደጋ አገር ነው። ጥር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ የሚተኛው ውርጭ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ቤታችን ሁልጊዜ የሚሸተው የበግ ጠጉርና የተቆላ ገብስ ነው። ዛሬም እርጥብ ባና፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሸተተኝ እንደሆነ ዞር ብዬ ደምሴን እፈልጋለሁ። ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኝ ነበርና «አያ ደምሴ» ነበር የምለው። እሱ ደግሞ እኔን «ቁንጫው» ይለኛል። ስሜን ሲጠራ የሰማሁት ሲቆጣ ብቻ ነው።

አያ ደምሴ እስከ አሥር ዓመቱ መርሐቤቴ፣ ቆላ፣ አጎታችን ቤት ነው ያደገው። የዚያ አገር ምንጭ ጥርስ ያበልዛል ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ብቻ ወንድሜ ወደ እኛ ሲመለስ ጥርሱ ዝናብ ያገኘው ማረሻ መስሎ መጣ። ልጆቹ «ዝገቱ» አሉት። የሚገርመው ነገር፣ በቀያችን እንደ እሱ የሚያስቅ ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ጣል ያደርግና ሰው ሆዱን ይዞ ሲንከተከት እሱ ብቻ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ጭኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ በዓይኑ ይስቃል። ጥርሱን ያየሁት ሲበላና ሲተኛ ነው ብል አላጋነንኩም።

ያልሞከረው አልነበረም። የወይራ መፋቂያ ከአፉ አይለይም፤ ድዱ እስኪደማ ይፍቃል። ከሰል ወቅጦ አሸበት። ጨው ጨመረበት። መሐል ሜዳ ሰባተኛ ክፍል ሲማር ደግሞ፣ ከተማ የገባ ሰው ነውና፣ በልብስ ሳሙና ጥርሱን አጥቦ መጣ። ያን ዕለት ማታ ከአባባ ጋር ሲነጋገር ከአፉ አረፋ ብቅ ይል ነበር። አባባ ትንሽ አይቶት ወደ እማዬ ዞረና «ይህ ልጅ ጠበል ይወሰድ» አለ።

ነገሩ የከፋው አሰፋ የሚባለው ጓደኛው ሊያገባ ሲል ነው። አሰፋ ደምሴን አንደኛ ሚዜ አደረገው። በእኛ አገር ሚዜ መሆን ክብር ነው፤ ግን መከራም አለው። የሙሽራዋ ወገን ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ዳሱ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ሚዜዎቹን ከጫማቸው እስከ ጠጉራቸው በግጥም ይሰድቧቸዋል። መቆጣት ነውር ነው። ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አለው ደምሴ።

«ሌላ ሰው ከምፈልግ ሌላ ሙሽራ እፈልጋለሁ» አለው አሰፋ።

የሙሽራዋ አገር በጊሼ በኩል ነው፤ የዚያ ዳስ ግጥም አውጪ ደግሞ አየለች የምትባል ልጅ ነበረች። ምላሷ በየገበያው የታወቀ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሠርግ ስለ አንዱ ሚዜ ጆሮ ገጥማ፣ ሰውዬው ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱን ጠምጥሞ ነው የሚሄደው ይባል ነበር። ወንድሜ የፈራው ግን ምላሷን ብቻ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ስሟ በተነሣ ቁጥር ጋቢው ሳይስቅም ወደ አፉ ሲሄድ አይቼ ነው። ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ አይቷታል። ሁለቱንም ጊዜ አላናገራትም፤ ለማናገር አፍ መክፈት ያስፈልጋላ።

አሁን የእኔ ጥፋት ይመጣል። በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ በለጡ ድዷን ተነቀሰች። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ድዷን ትነቀስ ነበር። እትዬ ዘነበች የሚባሉ ባለሙያ መጥተው፣ የኩራዝ ጥላሸት በገል አጠራቅመው፣ የበለጡን ራስ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ድዷን በመርፌ እየወጉ ጥላሸቱን ሲቀቡባት ከአጠገባቸው ሆኜ አየሁ። እብጠቱ ሲጎድል የበለጡ ድድ እንደ በሰለ የዱር እንጆሪ ጠቆረ፤ ጥርሷ ደግሞ ቦግ ብሎ ነጣ። እየሮጥኩ ሄጄ ለወንድሜ ነገርኩት።

«አያ ደምሴ፣ ጥርሷን ምንም አላደረጉትም። ድዷን አጠቆሩት፣ በቃ! ጥርሷ ራሱ ነጣ!»

በሦስተኛው ቀን፣ ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ጠራኝ። «ስማ ቁንጫው፣ እትዬ ዘነበች ዘንድ ብሄድ ወንድ ሆነህ ብለው አገር ያስቁብኛል። አንተ ሲያደርጉ አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«በደንብ?»

«በደንብ! የሚያም ነገር የለውም» አልኩት። በለጡ ስትጮኽ ሰምቻለሁ እኮ። ግን ታላቅ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ፈልጎኛል፤ እውነቱን እንዴት ልናገር?

አባባ አውድማ ላይ ነበር፤ እማዬ ደጅ ገብስ ታሰጣለች። መርፌዎቹን ከእማዬ መስፊያ ወሰድኩ፤ ጥላሸቱን ከኩራዛችን አጠራቀምኩ። ደምሴ ጭኔ ላይ ተጋደመ። ከግራ ጀመርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይን ይደግም ነበር፤ መርፌው በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። መሐል ድረስ ደረስኩ። የፊት ጥርሱ ላይ ስደርስ፣ ምን እንደነካሁ እንጃ፣ አፉ ግጥም አለ። ጣቴ ውስጥ ነበር። ጩኸቴ ገደሉን ተሻግሮ ተመለሰ።

እማዬ ሰፌዱን ጥላ መጣች። እኔ ጣቴን ይዤ አለቅሳለሁ፤ ደምሴ አፉ በደምና በጥላሸት ተለውሶ ቁጭ ብሏል። «እግዚኦ! አፉን ምን በላው?» አለች። ነገርኳት። መጀመሪያ በትር ፈለገች። ፍለጋው ላይ ሳለች ሳቋ መጣና ጭዱ ላይ ተቀመጠች። «ወንድ ልጄን ... ድዱን ... » እያለች እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ለአባባ ግን አላወጣችብንም። የደምሴን አገጭ በጨርቅ ጠምጥማ «ጥርሱን አሞታል» አለችው። አባባም ደግ ሰው ነውና «ካመመውማ ቀጥቃጩ ጉጠት አለው፤ ነገ ጠዋት ወስጄ አስነቅልለታለሁ» አለ። ደምሴ ያን ሌሊት በእብጠቱ ላይ ስለ ጉጠቱ ሲያስብ አደረ። ሲነጋ ጨርቁን ፈትቶ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ አባባ ፊት አንድ እፍኝ ቆሎ ቆረጠመ። «ተሻለኝ» አለ። የቀረውን ሳምንት በበሶ ውኃ ነው የከረመው።

ቀሪውን ግማሽ ለማስጨረስ እሱም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልደፈርኩ። እናም ወንድሜ ወደ ጊሼ የሄደው በግራ በኩል ድዱ ጥቁር፣ በቀኝ በኩል ቀይ ሆኖ ነው። ግራው በኩል ጥርሱ፣ አይ፣ ነጣ ማለት ውሸት ይሆናል፤ ከበፊቱ ግን ይሻል ነበር። ቀኙ ያው ማረሻ ነው። ስለዚህ አፉን ጭራሽ ላለመክፈት ወስኖ ገባ።

ዳሱ በሰው ጢም ብሏል፤ እኔና አባባም ከአጃቢዎቹ ጋር ገብተናል። ልጃገረዶቹ አሰፋን አለፉትና ወደ ሚዜዎቹ ዞሩ። አየለች ከበሮውን ይዛ ደምሴ ፊት ቆመች። አየችው። ዝም አለ። ጠየቀችው፤ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ መለሰ። ወዲያው አወጣች፦

የሙሽራው ሚዜ ምነው አፉ ዝም፣
ጥርስ ያልሰጡት እንደሁ እኛ አናበድርም።

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ወንድሜ ግንባሩ አላበው፤ ግን ቻለ። ከዚያ ምግብ ቀረበ። ሚዜ አልበላም አይልም። ያ የጊሼ ወጥ፣ በርበሬው ምን ያህል እንደነበር አሁን ሳስበው ምራቄ ይመጣል፤ ያልዳነ ድድ ላይ ግን አስቡት። አንድ ጉርሻ ዋጠ። እንባው ዱብ ዱብ አለ። አየለች ጣሳ ውኃ ይዛ ብቅ አለች።

«አይዞህ ወንድሜ፣ የምትሄደው እኅታችን፣ የምታለቅሰው አንተ?»

ይህን ጊዜ አመለጠው። ጋቢውን ለማንሣት እጁ በጉርሻ ተይዟል። ሳቀ። ከዳር እስከ ዳር፣ አፉን ከፍቶ ሳቀ፤ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግራውንም ቀኙንም አየ። እኔ ከአባባ ጀርባ ሆኜ ገና ያልዳነ ጣቴን በእጄ ጨበጥኩ።

«ውይ!» አለች አየለች። «ግማሹን ማን ወሰደብህ?»

ወንድሜ አፉን ሊዘጋው ይችል ነበር። ከዘጋው እንደማይከፍተው፣ በዘጠኝ ዓመቴም ቢሆን፣ ገብቶኛል። አየኝ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ያ ቁንጫ ነው የነቀሰኝ! ግማሹ ላይ ብነክሰው ሥራውን ጥሎብኝ ሄደ!»

እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። አባባ የጥርስ ሕመሙና የጉጠቱ ነገር አሁን ገብቶት ጉልበቱን ይመታል። ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያስላቸዋል። አየለች ራሷ ከበሮውን መያዝ አቅቷት ለሌላ ሰጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፦

ግማሽ ድዱ ጥቁር፣ ግማሽ ድዱ ቀይ፣
ሳያስጨርስ መጣ ቸኩሎ እኛን ሊያይ።

«እውነቷን ነው!» አለ ደምሴ፤ በሙሉ አፉ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋቢው ወደ አፉ ሲሄድ አላየሁም። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ። አየለች ስትጠየቅ «ያ ግማሹ ነው? እሱ ከሆነ ይሁን» አለች አሉ። ከገባች በኋላ የቀረውን ላስጨርስልህ ብትለው «ቁንጫው የጀመረውን ሌላ እጅ አይነካውም» ብሎ እምቢ አለ። እንደዚያው ኖረ። እንደዚያው ሞተ። ስገንዘው ከንፈሩ በግራ በኩል ትንሽ ተገልጦ፣ ያ ሥራዬ፣ ደብዝዞ ሰማያዊ ሆኖ፣ እዚያው ነበር።

ለሐኪሙ «አስቤበት እመለሳለሁ» አልኩትና ወጣሁ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ የሚቀቡት ነገር የናና ሽታ አለው፤ ማንም ማንንም አይነክስም። ሰላም አፏን ሞልታ እየሳቀች ያደገች ልጅ ናት፤ ደስ ይለኛል። ያ ሁሉ የከሰልና የሳሙና መከራ ለልጆቻችን አለመትረፉ ጥሩ ነው። ግን ያንን የጥርስ መደዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቼዋለሁ፤ የምፈልጋት ቀለም እዚያ ውስጥ የለችም።

በቀጥታ ወደ እትዬ አየለች ቤት ሄድኩ። ደምሴ ከሞተ ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ያ አገር የፈራው ምላሷም ከአዎና ከአይደለም አያልፍም። ለሠርጉም ከጓዳ አልወጣም ብላ ሰላምን አስለቅሳታለች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ የሚወራ ሲጠፋኝ፣ ስለ ሐኪሙ ነገርኳት። ሰላም ጥርሴን ልታስነጣኝ ነው አልኳት። ምን ትያለሽ?

ጣቴን አንሥታ፣ የደምሴን የጥርስ ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ልታለቅስ ነው ብዬ ተነሣሁ። አላለቀሰችም። ያ ጥቁር ድዷ ብልጭ አለ።

«አንተ ቁንጫ፣» አለችኝ፣ «ግማሹን ብቻ በላቸው!»