ቆቧን የረሳች ፊደል

ተመዘገበ! ዛሬ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ እኔ በዓይኔ እያየሁ ተመዘገበ! የምሥራቹ የማዳም ሮዝ-ኤሜ ላንቴን ነው። እሳቸው የመንደራችን የአንስ-ቨርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደሩን ልጅ ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ ፈረንሳይኛ መጻፍ ያስተማሩ ናቸው። አንዲት ምልክት የጎደለችበትን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ አድምተው ነበር የሚመልሱት።

ማኅበራችን ከባሕር የሚያጠምደውን ሎብስተር በቀጥታ ለገዢ ለመሸጥ የኢንተርኔት አድራሻ አስፈለገው፤ በአገራችን መለያ፣ በነጥብ ሴ-አ (.ca) የሚያልቅ። ማዳም «ፊደሉን ለእኔ ተዉት» አሉና ቅጹን ራሳቸው ሞልተው አስመዘገቡ። ማንም እንዲያይላቸው አልፈለጉም። በስብሰባው ቀን አድራሻው የተጻፈበት አዲሱ ማስታወቂያ ተዘረጋ። ዞኤል፣ ድሮ ከክፍሉ ሁሉ ሰነፍ የነበረው፣ ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ኃጢአተኞች፣ አንስ-ቨርት፣ ነጥብ ሴ-አ!»

በቋንቋችን፣ በፈረንሳይኛ፣ አጥማጅንና ኃጢአተኛን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ላይ የምትቀመጥ ምልክት ናት፤ ቆብ ከሆነች አጥማጅ፣ ጭረት ከሆነች ኃጢአተኛ። ማዳም የተጫኑት ጭረቷን ነበር።

«ቄሱ ይሄን ቢያዩ ሎብስተሩን ትተው እኛን ነው የሚቀቅሉን!» አለ ዞኤል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ ያውም ጠረጴዛ እየደበደብኩ። ማዳም እስከ አንገታቸው ቀልተው፣ የካፖርታቸውን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቀው ወጡ።

ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት የመልቀቂያ ደብዳቤያቸው ደረሰን፤ እያንዳንዷ ምልክት በቦታዋ። ሳነበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አስመዝጋቢው ድርጅት ጋ ደወልኩ። «ባለ ቆቡን ስም ሌላ ሰው ወስዶት ይሆን?»

«አይችልም» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ። «አንዱን ለያዘ ሰው፣ በምልክት ብቻ የሚለዩት ሁሉ ይጠበቁለታል። መጠየቅ ያለባቸው ግን ያስመዘገቡት ሴትዮ ራሳቸው ናቸው።»

ዞኤልን እየጎተትኩ ቤታቸው ሄድኩ። ማዳም ድንች እየላጡ ነበር፤ ቀናም አላሉ።

«ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ። እኔ ፊደል አላውቅም።»

«ማዳም» አለ ዞኤል ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «ያቺን ቃል ሃምሳ ጊዜ አስጽፈውኝ ነበር። ሃምሳውንም ጊዜ ተሳሳትኩ። እርስዎ ለአንዷ ነው እንዲህ የሚሆኑት?»

«አንተማ ተማሪ ነበርክ! እኔ...» ድምፃቸው ተሰበረ።

«እኔ ደግሞ በሳቄ አፍሬያለሁ» አልኳቸው።

ማዳም ድንቹን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ባለ ቆቡን ስም ጻፉ። ከመጫናቸው በፊት ግን ኮምፒውተሩን ወደ ዞኤል አዞሩት። የጻፉትን ለሰው ሲያሳዩ አይቼ አላውቅም።

«አንብብ እስቲ።»

ዞኤል በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «አ-ጥ-ማ-ጆች። ቆብ አድርጋለች፣ ማዳም።»

ተጫኑት። ከዚያም ፊታቸው እንደቀላ፣ ወደ ድንቹ እያዩ፣ «ያንን ደብዳቤ መልሱልኝ» አሉ።

በሉ ልሩጥ፤ ወደቡ ላይ ያሉት ገና አልሰሙም!