የማርጂ ተራና የሎሬን አምስት ማመልከቻዎች

ሎሬን ዴልን ያገባችው በሃምሳ ዓመቷ ነው። እሱ የወለል እንጨት አንጣፊ ነበር፤ እሷ ፎርት ዌይን ከተማ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ የምታስተካክልበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ሁለቱም ከዚያ በፊት አግብተው ፈትተዋል። የሎሬን የቀድሞ ባል ፍሎሪዳ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። የዴል የቀድሞ ሚስት ማርጂ ግን የትም አልሄደችም። ቤቷ በመኪና አስር ደቂቃ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ድምፅዋ ከዴል ስልክ እየወጣ እነሎሬን በረንዳ ላይ ይሰማል።

ዴልንና ማርጂን የሚያገናኛቸው የክሬዲት ካርድ ጉዳይ ነበር። ማርጂ ከጥርስ ሐኪም ቤት ሥራዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ከወጪ ላይ የተወሰነ ገንዘብ መልሰው የሚሰጡ ካርዶችን ሥራዬ ብላ ይዛቸዋለች። የትኛው ለአስቤዛ፣ የትኛው ለነዳጅ እንደሚሻል፣ ለአዲስ ደንበኛ ጉርሻ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች። ዴል ለእንጨትና ለሙጫ በየወሩ ብዙ ስለሚያወጣ፣ እሱን የመሰለ ሰው አግኝታ መተው አልሆነላትም።

«የነዳጁ ካርድ መጣ እኮ» ይላል ዴል፣ እግሩን የበረንዳው አጥር ላይ ሰቅሎ።

«እንግዲህ አርፈህ ተቀመጥ» ትላለች ማርጂ ከስልኩ። «ሦስት ወር ሳይሞላ ሌላ ብትጠይቅ ባንኮቹ ምን ነካው ይላሉ፤ የብድር ነጥብህም ይወርዳል። ከዚያ የእንጨቱን በድርጅትህ ስም እንጠይቃለን።»

ወጥ ቤት ዕቃ የምታጥበውን ሎሬንን ያንገበገባት ባንኮች ተበዳሪን የሚመዝኑበት ነጥብ አልነበረም፤ «እንጠይቃለን» የምትለው ቃል ነች።

ይባስ ብሎ ማርጂ ካርዶቹ የሚጠየቁበትን ሙሉ ተራ በቢጫ ወረቀት ላይ ጽፋ ላከችለት፦ መጀመሪያ በራሱ ስም፣ ቀጥሎ በድርጅቱ ስም፣ ከነወሩ። ዴል ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ሎሬን ወተት ባወጣች ቁጥር የሌላ ሴት እጅ ጽሑፍ ታነባለች። ጽሑፉ ደግሞ ያምራል።

«እኔ ላውጣልህ ዕቅዱን» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ ደግሞ ምን አደከመሽ? ማርጂ ይሄን ነገር ትወደዋለች።»

«እኔ ምን እንደምወድ ታውቃለህ?»

ዴል አሰብ አደረገ። «ስፌት» አላት። በቅንነት ነበር ያለው፤ ለዚህም ነው ቀኑን ሙሉ ከልቧ ያልወጣው።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ለክታ ሌላዋ እስክትመጣ፣ ሎሬን ኮምፒውተሯን ከፍታ ማመልከቻ መሙላት ጀመረች። ሁለት በራሷ ስም፣ ሦስት በሱቁ ስም፤ አምስቱንም አንዴ እንደተቀመጠች ጨረሰች። ማርጂ በዓመት የምታደርሰውን በአንድ ከሰዓት አድርሼ ባሳየውስ ብላ ነው። ሦስት ወር መጠበቅ የሚባለውን ሰምታዋለች፤ ግን የማርጂ ምክር ስለሆነ ልትቀበለው አልፈለገችም።

አንዱ ባንክ ለራሷ አምስት መቶ ዶላር የማያልፍ ካርድ ሰጣት። አራቱ እምቢ አሉ። ለማንም ሳትናገር ዋጥ አድርጋ ልትተወው ነበር፤ ደብዳቤዎቹን ከፖስታ ሳጥን ያወጣው ግን ዴል ሆነ።

«ምነው ዝም አልሽ? ለማርጂ ብንነግራት ኖሮ እኮ…» ብሎ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ አልጨረሰውም።

በማግስቱ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ማርጂ ነበረች።

«ስሚ ሎሬን፣ ዴል ነገረኝ። በአንድ ቀን አምስት?»

«የራሴ ጉዳይ ነው።»

«ነው፣ ያንቺ ነው። እኔ የደወልኩት አንዱን ማዳን ስለሚቻል ነው። ደብዳቤውን የላከልሽ ማሽን ነው። ለሱቁ ከጠየቅሻቸው ባንኮች አንዱ ጋ ደውለሽ ሰው አገናኙኝ በይ። ስለ ሱቅሽ ንገሪያቸው። እንዴት ያለ ሥራ እንደምትሠሪ እኮ ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

ብትስቅባት ይሻላት ነበር። ይህች ሴት ደግ መሆኗ አንጀቷን አሳረራት። ሳታመሰግናት ስልኩን ዘጋችው፤ ግማሽ ሰዓት ተንቆራጠጠችና ባንኩ ጋ ደወለች።

«ሱቁ ከተከፈተ ስንት ጊዜ ሆነው፣ እመቤት?» አለች የባንኩ ሠራተኛ።

«አስራ ሰባት ዓመት።»

«በአንድ ቀን አምስት ቦታ ያመለከቱት በምን ምክንያት ነው?»

«በቅናት» አለች ሎሬን። «የባሌ የቀድሞ ሚስት እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጎበዝ ናት።»

ሠራተኛዋ፣ «እመቤት፣ እኔ እዚህ ላይ ቅናት ብዬ መጻፍ አልችልም» አለቻት። «ለሱቅ ዕቃ መግዣ ብዬ ልያዘው?»

«እሱም እውነት ነው።»

ካርዱ ተፈቀደላት። ሎሬን ግን ካርዱን ረስታ ቃሉን ነበር የምታስበው። ለማታውቃት ሴት ያለችውን ለገዛ ባሏ ሳትል መክረሟ ገረማት። ዴል ከሥራ ሲገባ ጫማውን እስኪያወልቅ እንኳ አልጠበቀችም።

«ማርጂ ላይ እቀናለሁ» አለችው። «ካርዱን አይደለም። ቅዳሜህን ነው የወሰደችብኝ።»

ዴል አንድ ጫማውን እንደያዘ ቆመ። «ማርጂ ላይ?» አለ። «አብረን ሳለን እኮ አጠገቧ ሲያስለኝ ክፍል ትቀይር ነበር።»

«አታስቀኝ። የምሬን ነው።»

«እሺ» አለ ጫማውን አስቀምጦ። «እሺ። ዕቅዱን አንቺ ያዢው።»

ያዘችው። የእሱን ድርጅትና የእሷን ሱቅ አንድ ላይ አድርጋ አዲስ ተራ አወጣች፤ በየሦስት ወሩ አንድ፣ እሷ ደግሞ ነጥቧ እስኪያገግም ዓመት ሙሉ ምንም ላትጠይቅ። መጠበቁ የማርጂ ምክር እንደሆነ ታውቃለች፤ ስሟን ግን አላነሳችም። ማርጂ አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ አሁን የምትጠይቀው ሎሬንን ነው። ጥሩ አድርገው ያወራሉ። ሎሬን ስልኩን በዘጋች ቁጥር ግን ያ ቅናት ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋታል።

በሚቀጥለው በጋ በተመለሰላቸው ገንዘብ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ሰነበቱ። በሁለተኛው ቀን ዴል ሎሬንን አሸዋው ላይ አቁሞ ፎቶ አነሳት። ስልኩን አየት አድርጎ፣ «ይሄን ለማርጂ ልላክላት?» አለ፤ እንደ ልማዱ ምንም ሳያስብ።

ሎሬን እጇን ዘርግታ ፎቶውን አየችው። ነፋሱ ጸጉሯን ግንባሯ ላይ ለጥፎታል።

«ይሄን አትልክ» አለችው። ባርኔጣዋን አስተካከለች፣ ሆዷን ሳብ አደረገች፣ ወደ ውኃው ዞራ ቆመች። «እንደገና አንሳኝና እሱን ላክላት።»