ከድንጋዩ ጠርዝ የተፋቀው ስም

በዚያ በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ የኩዋኑን እጅ የማያውቅ አልነበረም። ሰው ሲሞት ይጠራና የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ጎሳው ሁሉ ከእሷ ወረድን ከሚላት ከጎሳው እናት ስም ጋር፣ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ከታች ወደ ላይ በጭረት ፊደል ይቀርጻል። ድንጋዩ መቃብሩ ላይ ከቆመ መሬቱ የማን ርስት እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ገና በጎረምሳነቱ አባቱ ሲሞትም የቀረጸለት ራሱ ነው። እርሻውን ግን ለእህቱ ለላሳር ተወላት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ምን ይዛ ትኑር ብሎ።

ጣጣው የመጣው ሲጠመቅ ነው። የጎሳው እናት የጥንት ጣዖት ናትና ስሟን ዳግመኛ ከአፉ ላያወጣ ማለ። ቄሱ አባ ፋይልቤ ደግሞ፣ የጣዖት ስም በቆመበት መቃብር ላይ ለአባትህ አልጸልይም አሉት። ላሳር ተው፣ አትንካው ብላ ለመነችው። እሱ ግን አባቱ በጨለማ ሲጣራ እየታየው እንቅልፍ አጣ። አንድ ጠዋት መሮውን ይዞ ሄደና የጎሳውን እናት ስም ፍቆ መስቀል ቀረጸበት። ምስኪን! ደግ የሠራ መስሎት ደስ ብሎት ገባ።

ወሬው እርሻዋን ሲመኝ በኖረው ጎረቤቷ በዱንሃድ ጆሮ ገባ። ሟቹ መጤ ነበር እንጂ እንደ እኔ ከባለርስቱ ጎሳ አይደለም ብሎ ዳኛ አመጣ፤ መሬት ይገባኛል የሚል ወንድ በመቃብሩ ላይ ፈረስ ነድቶ ይገባልና እንደ ደንቡ ሁለት ፈረስ እየሳበ መጣ። ላሳርም ሴት ስለ ርስት ስትሟገት በሚያዘው ደንብ ሁለት በጎቿን፣ የቡኮ ገበታዋንና ወንፊቷን ይዛ ቆመች። ዳኛው ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ወደ ላይ አነበበ። የሟቹ ስም አለ፣ የአባቱም አለ፣ ከዚያ በላይ የተፈለጠ ድንጋይና መስቀል ብቻ። የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች በአምናው ወረርሽኝ አልቀዋል።

«ባለጉዳይ ለራሷ አትመሰክርም፤ የቀረጸው በሕይወት ካለ ግን ስለ ድንጋዩ ይናገራል» አለ ዳኛው። «ኩዋኑ፣ እዚህ ላይ የማን ስም ነበር?»

ላሳር አየችው። ቄሱም አዩት። አንዲት ስም ብቻ እኮ ናት! ኩዋኑ ግን ምሏልና አቀረቀረ። ዳኛው ጠበቀ፣ ደግሞ ጠየቀ፣ በመጨረሻ ለዱንሃድ ፈረደ።

ፈረሶቹ መቃብሩን ሲረግጡ፣ የአባቱ አፈር ከኮቴያቸው ሥር ሲናድ ባየ ጊዜ ኩዋኑ አላስቻለውም፤ የጎሳውን እናት ስም ጮኾ ጠራ። ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ። ዳኛውም የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብሎት ሄደ። ኩዋኑ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቀረ።

ላሳር አላለቀሰችም። ወደ እኔ ቤት እንሂድ ብሎ ገበታዋን ሊሸከምላት ሲል ከእጁ ወሰደችው።

«ለሞተው አባታችን ተጨነቅህ» አለችው። «እኔ እኮ በሕይወት ነበርኩ፣ ወንድም ጋሼ።»

በጎቿን እየነዳች ወደ ባሕሩ ወረደች። ማን ዘንድ እንደምትጠጋ አልነገረችውም።