መብታችንን ያጠናን ሰሞን

ታምሜ የተኛሁበት ቤት ይናፍቀኛል ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። አሰላ ያለችው ያቺ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ያኔ የኪራይ ቪላ ውስጥ ነበረች። ዛሬ ፎቅ ላይ ወጥታለች፤ ሊፍትም አላት። የድሮዋ ግን በረንዳ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ጋቢያችንን ተከናንበን ግድግዳው ሥር እንደረደርና ፀሐይ እንሞቃለን፤ የጭላሎ ተራራ ብርድ የሚለቀን ረፋድ ላይ ነው። ከቤት በቅቤ የተለወሰ ጭኮ የመጣለት ለሁሉም ያዞራል። በሰፈሬ «አበደች» ተብዬ ሰላም የሚለኝ ባጣሁበት ዘመን፣ እዚያ በረንዳ ላይ ሁሌም ቦታ ይያዝልኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ሥራችን ሁሉ ጥናት ሆነ። ክሊኒኳ የብቃት ማረጋገጫ ልታገኝ ነው። ካላገኘች የጤና መድን ለታካሚዎቿ አይከፍልም፤ ካልከፈለ ደግሞ ከጎበሳና ከኦጎልቾ የሚመጡት ሳይታከሙ ወደ ቤታቸው ነው። መርማሪዎቹ ከታካሚዎች አንዱን መርጠው «መብትህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ ተባለ። ስለዚህ ሲስተራችን፣ ገና ወጣት ነርስ ናት፣ በየጠዋቱ ፊታችን ቆማ ታስጠናናለች። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፦ «ሕመማችን እንዲነገረን! ምስጢራችን እንዲጠበቅ! ያልፈለግነውን መድኃኒት እንቢ እንድንል!» የጎረቤት ውሻ አብሮን ይጮኻል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሲል ልጆቼን እንዲሁ ሳስጮህ ኖሬያለሁ። የእጄን አገኘሁ።

ከአጠገቤ የሚተኙት እማማ ብቻ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። ከሮቤ የመጡ ስፌት ሰፊ ናቸው። ሲመጡ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማቸው ነበር፤ በየጊዜው በሚወጉት መርፌ እሱ ጠፋላቸው። እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ በሁለት እጃቸው ይዘው እንኳ ይደፋባቸዋል። ልጃቸው ጅምር ሙዳይ ብታመጣላቸው ወስፌው እየወደቀ አስቸገራቸውና መለሱላት። «በቃ፣ እንጀራዬ አለቀ» አሉኝ። እኔም መንቀጥቀጡ የበሽታው ነው ብዬ አብሬያቸው አለቀስኩ።

መርማሪዎቹ መጥተው የመረጡት እሳቸውን! ሲስተር ክው አለች። እማማ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በኦሮምኛ፣ አንድ ሳያስቀሩ ዘረዘሩት። እንግዶቹ ከግቢ እንደወጡ ሲስተር እማማ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እኛም እልልታውን አቀለጥነው። ስንት ፈተና ወስጃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ተደስቼ አላውቅም። ወረቀቱ እንደሚመጣ ማንም አልተጠራጠረም።

ከሰዓት በኋላ የእማማ የመርፌ ሰዓት ደረሰ። ሲስተር ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ ትሪዋን ይዛ ገባች። እማማ እጅጌያቸውን ጨብጠው ያዙ።

«እንቢ» አሉ።

«ማሎ እማማ፣ እባክዎ! ሰዎቹ እኮ ሄዱ።»

«መብቱንም ይዘውት ሄዱ እንዴ?»

ሳቄ መጥቶ አፌን በጋቢዬ ያዝኩ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነው ነው እማማ?»

«እጄን ነሳኝ፣ ልጄ። በወጋሽኝ ማግስት ይብስብኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉኝ?»

እማማ ገርሟቸው አዩዋት።

«ከዚህ ጥናት በፊት እንቢ ማለት ይቻላል ብሎ መች የነገረኝ አለ?»

ሲስተር ትሪዋን አንስታ ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች።